የሸጎሌው አውጫጭኝ

ተረት ተረት። የመሠረት።

ሸጎሌ ውስጥ፣ ከሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን አሮጌ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ የእንስሳት ንባብ ቤት ነበረ። የተሠራው ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከታወጀ በኋላ፣ በየሰፈሩ ንባብ ቤት ሲከፈት ነው። ሰው ፊደል ሲቆጥር እንስሳቱም አብረው ቆጠሩ። ግድግዳውን ጭቃ መረጉ፣ መደርደሪያውን ከእንጦጦ በወረደ ባሕር ዛፍ አቆሙ፣ ቁልፉን ለእመት ዔሊ ሰጡ።

አንድ ቀን ማለዳ ሲነሡ በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። መጻሕፍቱ በማዳበሪያ ታጭቀው ደጅ ወድቀዋል። እመት ቀበሮ ክፍሉን ተከራይታ ሸቀጥ ልትደረድርበት ነው።

“ንባብ ቤታችን ሞተ!” የሚል ጩኸት ተሰማ። ማን ገደለው ሲባል ሁሉም ወደ እመት ጦጢት እጅ ጠቆመ። ጦጢት ስልክ ይዛለች።

በሸጎሌ የቁም እንስሳት ገበያ ለበዓል ቀርቦ ገዢ ያጣ አንድ ሽማግሌ በሬ ነበር። “ቆዩ፣ እንዲህ በጣት ጥቆማ አይፈረድም” አለ። “ያገራችን ሰው በደል ሲደርስበት አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር። ያገሩ ሰው በሙሉ ይሰበሰባል፤ ነገሩ ሳይጣራ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ያየውን ለዳኛ የሚናገር አለ፣ እሱም ወፍ ይባላል። አጥፊው ካልተገኘ ካሳውን ሁሉም ተካፍሎ ይከፍላል። እኛም እንቀመጥ።”

ከአንድ ጥድ ሥር ተቀመጡ።

አያ ጅቦ ቀድሞ ተነሣ። “በሕግ አምላክ! ስልኩ ነው የገደለው። ልጆቼ ሌሊት ሲወጡም ሲገቡም ዓይናቸው እዚያች መብራት ላይ ነው። መጽሐፍ የያዘ ልጅ ካየሁ ስንት ዘመኔ!” ብዙዎች አጨበጨቡለት።

ምስጥ ተጠራ፤ ነገሩን አልካደም። “በልቻለሁ። ግን የበላሁት እጅ ያልነካውን ነው። በየቀኑ የሚገለጥ መጽሐፍ ላይ እኛ ጎጆ መሥራት አንችልም።”

ቀጥላ እመት ዔሊ ቀረበች። ጊዜ ወስዳ ነው የተናገረችው፣ ማንም አላቋረጣትም። “ለማን የቱ መጽሐፍ እንደሚሆን አውቅ ነበር። እናቷ የሞተችባት ጥንቸል ስትመጣ ምን እንደምሰጣት አውቃለሁ፤ ጠበኛው ወጠጤ ሲመጣም አውቃለሁ። ሥራዬ ይኸው ነበር። ንባብ ቤቱ የሚከፈተው ግን ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 11፡30 ነው። ልጆቹ ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ናቸው። ከትምህርት ቤት ወጥተው፣ ውሃ ቀድተው፣ ታናናሾቻቸውን አስተኝተው ሲመጡ እኔ በሩን እየዘጋሁ ነው። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ዝግ ነው። ሰዓቱ ይቀየር ብዬ አመለከትሁ። አዲስ መጽሐፍ ይገዛ ብዬ አመለከትሁ። ለከርሞ ተባልሁ። ጡረታ ስወጣ በቦታዬ የተተካ የለም፤ ቁልፉ ለዘበኛው ተሰጠ። ዘበኛው ደግ ነው፣ መጻሕፍቱን ግን አያውቃቸውም።”

አያ አህያ ሲሚንቶውን አውርዶ ቀረበ። “ወገኖቼ ሐዋሳ ውስጥ የመጽሐፍ ጋሪ ጎትተዋል” አለ። “ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የሚባል ሰው ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረ። አገሩ ተመልሶ በ1995 ዓ.ም. ሾላ ላይ ለልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ በኋላም ሐዋሳ ላይ መጽሐፉን በአህያ ጋሪ አስጭኖ ልጆቹ ወዳሉበት ወሰደላቸው። ልጆቹ ጋሪውን እያዩ ይሮጡ ነበር። እኔ ሸጎሌን ዳገት ቁልቁለት ስመላለስበት ኖሬያለሁ። መጽሐፍ ጫን ያለኝ የለም።”

እርግብ ከጥዱ ላይ ወረደች። “በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክር ጣሪያ ላይ ነው የተወለድሁት፤ አሁን የምውለው 4 ኪሎ ነው። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. እዚያ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲመረቅ አይቻለሁ። ከ1 ቢሊዮን ብር በላይ ወጥቶበታል። ደጁ ላይ ወጣቶች ይጎርፋሉ፤ ስልክ የሌለው በመካከላቸው የለም ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ የራሳቸውን ደብተር ይዘው ለፈተና ያጠናሉ፤ የሚፈልጉት ወንበር፣ መብራትና ጸጥታ ነው። ስልክ ንባብ ቤትን የሚገድል ቢሆን እነዚህ ልጆች ለምን ይመጣሉ? ከሸጎሌ የሚመጡትም የታክሲ ያላቸው ናቸው። የሌላቸውን እዚያ አላያቸውም።”

 ትልቅ ቤት መሥራት መልካም ነው፤ የስምንት ዓመት ልጅ ግን ብቻዋን 4 ኪሎ አትሄድም።

እመት ፍየል የተነሣችው ለስልኩ ልትከራከር ነበር፤ ይህን የጠበቀ አልነበረም። “ብራና የሚፋቀው ከወገኖቼ ቆዳ ነው። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲወድቁ እንግሊዞች ንብረቱን በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭነው ወሰዱ፤ ከብራና መጻሕፍቱ ብዙዎቹ ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ አሉ። እኛ አይተናቸው አናውቅም ነበር። አንድ ቀን ጦጢት በስልኳ አሳየችኝ። ሥዕሉን፣ ቀይ ቀለሙን፣ የጠፍሩን ስፌት ሳይቀር አየሁ። አለቀስሁ። ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ግን ወንበዴዎች የዚያን ቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተር ሰብረው ገቡ፤ ገጾቹ ለብዙ ጊዜ ጠፉ። ቆዳው ምንም አልሆነም፣ መደርደሪያው ላይ ነው። እዚህ ሆኜ የማየው ሥዕሉ ነበር፣ እሱም ጨለመ። ስልኩ ባይኖር ግን ያንን እንኳ አላይም ነበር። እኔ በዚህ ስልክ ላይ አልመሰክርበትም።”

ጦጢት ራሷን ቀና አደረገች። “ንባብ ቤቱ ሲዘጋባቸው ለልጆቹ መጽሐፍ የላክሁላቸው እኔ ነኝ፣ በቴሌግራም።”

“የማንን መጽሐፍ?” አለ ቁራ። “ደራሲው በሕይወት አለ። ዓመታት የደከመበትን መጽሐፍ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥተሽ በተንሽው። አሳታሚው አሁን ሁለተኛውን አላትምም ብሎታል።” ጦጢት ዝም አለች።

በመጨረሻ ወፏ ተጠራች። በስውር ልትናገር ትችል ነበር፤ በአደባባይ መረጠች። “ሞባይል አዲስ አበባ የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። በዚህ በር አዲስ መጽሐፍ ሲገባ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ከዚያ በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁላችሁም በዚህ ደጅ አልፋችኋል። ለምን አዲስ መጽሐፍ የለም ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም። ክፍሉ ይከራይ ሲባል ስብሰባው ላይ ነበርሁ። እጃቸውን ካወጡት አንዱ አያ ጅቦ ነው።”

ጅቦ መሬት መሬት አየ።

በሬው ፈረደ። ስልኩ በነፍስ ግድያ አይጠየቅም፤ ንባብ ቤቱ ሲራብ እሱ ገና አልተወለደም። ጦጢት ግን ለደራሲው ትካስ፤ ቅዳሜና እሑድም ስልኳን ንባብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አኑራ፣ ስልክ ለሌላቸው ልጆች ሳይሰረቅ የሚነበበውን ታስነብብ። ዔሊ ትመለስ፣ ወጣት ረዳት ሰጥተናት ታሠልጥን፤ በሩ ማታ እስከ 3 ሰዓት ይከፈት። አህያ ሲሚንቶ በማይጭንበት ቀን መጽሐፍ ወደ ዳገቱ ያውጣ። ጅቦ በምሽት ልጆቹን ወደየቤታቸው ይሸኝ። መጽሐፍ የሚገዛበትን ገንዘብ ሁሉም ያዋጣ።

“እኔስ?” አለች ቀበሮ። “የሦስት ወር ኪራይ ቀድሜ ከፍያለሁ።”

“እሱንም እኛው ነን የምንመልስልሽ” አለ በሬው።

ማጉረምረም ተነሣ። አንዱ የንባብ ቤቱን ደጅ ረግጬ አላውቅም አለ፤ ሌላው ልጆቼ አድገዋል አለ፤ በጎቹ እኛ የበዓል እንግዶች ነን አሉ። በሬው የአውጫጭኝን ሕግ አስታወሳቸው፤ ካሳው ሳይሞላ የሚነሣ የለም። ፍየል ድርሻዋን ቀድማ አስቀመጠች። እርግብ ተከተለች፣ ምስጥም አቅሙን ሰጠ። ተራው አሁን አያ ጅቦ ዘንድ ደርሷል፤ “የእኔ ድርሻ ለምን ከምስጥ ይበልጣል?” እያለ ይከራከራል፤ ጉባኤውም ገና አልተበተነም።