የሚዘፍነው ሸክላ

ሪያድ፣ ዑለያ ውስጥ ሹፌር ነኝ። ሰፈራችን ላይ 302 ሜትር የሚረዝመው ኪንግደም ታወር ቆሟል፤ አናቱ ቀዳዳ ስለሆነ ከሩቅ ሲያዩት መርፌ ነው። እኔ ግን ስንት ዓመት የምፈልገው ሌላ መርፌ ነው፤ የሸክላ ማጫወቻ መርፌ። ጓደኞቼ «በቅሎ ሳይኖርህ ኮርቻ ትሰበስባለህ» ይሉኛል።

ጣጣው የመጣው ከአጎቴ ነው። ደሴ ላይ አልጋው ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ ሸክላ ትቶ ሞተ። በሕይወት ሳለ የሚያወራን የሸክላዎቹን ታሪክ ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ በነበረበት ዘመን አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ሕጉን ወዲያ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ከፈተ። በአለማየሁ እሸቴ ጀመረ። አዲስ አበባ የተቀዳው ክር መጀመሪያ ህንድ፣ በኋላ ቤይሩት እየሄደ ሸክላ ሆኖ ይመለሳል። እንዲህ እየተባለ እስከ እ.ኤ.አ. 1975 ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላ ወጣ። አጎቴም «አየህ፣ የኛ ዘፈን ሳይሰደድ አይታተምም» ይል ነበር።

እኔም ተሰድጄ ሸክላው ናፈቀኝ። እናቴን በኢሞ «እማዬ፣ ሸክላውን በሚመጣ ሰው ላኪልኝ» አልኳት።

«አብሽር ልጄ» አለች።

ከወር በኋላ አንዲት የሀገሬ ልጅ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር አመጣችልኝ። አውሮፕላን ላይ እንደ ሕፃን ታቅፋው ነው የመጣችው። ፈታሁት። ጀበና!

ደወልኩ። «እማ፣ እኔ ያልኩሽ የሚዘፍነውን ነው።»

«ይኼስ ሲፈላ ይዘፍን የለ?»

በሁለተኛው ዙር ግን የሙላቱ አስታጥቄ «የካቲት» ደረሰ። ለንደን፣ ቦስተንና ኒውዮርክ ዞሮ የተማረው ሙላቱ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር ያጋባበት፣ አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣው፣ ዛሬ ሰብሳቢዎች በውድ የሚሻሙበት ሸክላ! እንቅልፍ አጣሁ። በጥሃ ሰፈር የሚኖር አንድ ጓደኛዬም ማጫወቻ አገኘሁ አለኝ። ሜትሮው ከዑለያ በጥሃ እየወሰደ እኔ ግን «ሥራ ስጨርስ በመኪናው እግረ መንገዴን» ብዬ ሸክላውን የፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።

ወሩ ሐምሌ ነው። አሠሪዬ ማዳም፣ ዑለያ መንገድ ላይ «አምስት ደቂቃ» ብላ ገበያ ገባች፤ ዕቃ እንድሸከምም ጠራችኝ። የማዳም አምስት ደቂቃ ሁለት ሰዓት ነው። ስንመለስ የመኪናው ሆድ ምጣድ ሆኗል። ሸክላውን ከሽፋኑ ሳወጣው ጠርዙ ተቆልምሞ፣ መሐሉ እንደ ወጭት ጎድጉዷል። ማዳም አየችውና ሳህን መስሏት ስንት እንደገዛሁት ጠየቀችኝ።

ማታ ለእናቴ በቪዲዮ አሳየኋት። ትንሽ ዝም አለችና፣

«አላልኩህም? ሸክላ ማለት እሳት የሚችለው ነው።»

አሁን አርብ አርብ ጀበናው ይጣዳል። ሙላቱን ከስልኬ እከፍታለሁ፤ የሙላቱ ሸክላ ላይ ደግሞ ቆሎ ይቀርባል።

እናንተም ከሀገር ሸክላ የምታስመጡ ወገኖቼ፣ የሚዘፍነውን ይሁን የሚፈላውን አስቀድማችሁ ተናገሩ። የሚዘፍነው ከሆነ በሜትሮ ሂዱ።