መካ ለመማር ለሚሄድ ልጅ

መካ ካለው ኡሙል ቁራ ወይም ጅዳ ካለው የንጉሥ አብዱልአዚዝ ዩኒቨርሲቲ ነፃ የትምህርት ዕድል ካገኘህ እንኳን ደስ አለህ። የመጀመሪያው ምክሬ ለማንም እንዳትናገር ነው። ሁለተኛው፣ እናትህ ለሰፈሩ ሁሉ ቀድማ መናገሯን እንድታውቅ ነው።

ትምህርቱ አያስጨንቅህ። ማደሪያ፣ ወርሃዊ ድጎማ፣ በዓመት አንዴም የደርሶ መልስ ቲኬት ይሰጥሃል። መከራው ያለው ቲኬቱ ላይ ነው። ስትሄድ የሰው በርበሬና ሽሮ፣ ስትመለስ ዘምዘም ትጭናለህ። ዘምዘሙ 5 ሊትር ነው፤ የሰፈራችሁን ሰው ደግሞ ራስህ ታውቀዋለህ። በማንኪያ ማደል አሁኑኑ ተለማመድ። «ትንሽ ዕቃ ናት» ተብለህ የተሰጠህን ቋጠሮ ግን ሳትፈታ እንዳትይዝ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ጫት እዚያ እንደ አደንዛዥ ዕፅ ነው የሚያስከስሰው።

ወሎ ውስጥ ነሕው (የአረብኛ ሰዋስው) ቀርተህ ከሆነ በአረብኛህ አትኩራ። የጅዳ ባለታክሲ በዚያ በተሟሸ ሰዋስው ስታናግረው የጁምዓ ኹጥባ የጀመርክ ይመስለዋል። በእጅህ አመልክት። የተወለድክበትንም ቀን በእኛ፣ በፈረንጅና በሂጅራ ሸምድድ። የሂጅራው ዓመት 11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር እዚያ ፈጠን ብለህ ታረጃለህ፤ ለዚህም ሌሎች ምክንያቶች አሉ።

ዋናው ትምህርት የሚጀምረው ዘመድ ለዑምራ ሲመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ የጀመረው የሐረመይን ባቡር በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ ስለዚህ ከመካ ጅዳ ወርደህ አክስትህን ላለመቀበል «ፈተና አለብኝ» የሚል ሰበብ አይሠራም። ሐረም ውስጥ እጇን አትልቀቅ። ከለቀቅክ ትደውልልሃለች፤ የት እንዳለች ስትጠይቃትም «ነጭ የለበሰ ሰውዬ አጠገብ ነኝ» ትልሃለች። አትቆጣ። ነጭ የለበሱትን በየተራ እያየህ ፈልጋት። ስትገናኙ ጫማዋ ይጠፋል። ጫማው የተቀመጠበትን በር ቁጥር መያዝ የአንተ ሥራ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የገባኸው አንተ ነህ።

እረፍት ያማረህ ቀን ጅዳ አል-በለድ ውሰዳት። እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ የተመዘገበ አሮጌ ከተማ ነው። ከየፎቁ ወጣ ወጣ ያሉትን የእንጨት መስኮቶች አንጋጠህ ስታደንቅ እሷ የወርቅ ሱቁን አግኝታዋለች። ድጎማህ የት እንደገባ ከዚያ በኋላ አትጠይቀኝ።

በዚህ መሃል እንዴት ይጠናል ብለህ እንዳታማርር። በመካ ዳሩል ሐዲስ ያስተምሩ የነበሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ያረፉት አገራችን ያፈራቸው ሸይኽ ሙሐመድ ዐሊ አደም የነሳኢን የሐዲስ ስብስብ ብቻ በ40 ቅጽ ገደማ አብራርተው ጽፈዋል። ስንት አክስት ይመጣባቸው እንደነበር የሚነግረን ቅጽ ግን አላጋጠመኝም።

ሙስሊም ካልሆንክና ከጅዳ በስተሰሜን ቱወል ወዳለው የንጉሥ አብደላ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የምትሄድ ከሆነ፣ መካ መግባት ስለማይፈቀድልህ ከዚህ ሁሉ ያመለጥክ ይመስልሃል። ጎረቤታችሁ ሐጃ ግን ስልክህን ከእናትህ ተቀብለዋል። ጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ ሻንጣ መቀበል ለሁሉም ሃይማኖት ክፍት ነው።