ጉዳዩ፦ ከፊልሙ ጋር ያልደረሰን ታሪክ እንዲላክልን ስለመጠየቅ

ለክቡር አቶ ታርሰም ሲንግ
የ«ዘ ሴል» ፊልም ዳይሬክተር
ባሉበት

የምንጽፈው ከአርሲ ዞን፣ ከጀጁ ወረዳ፣ ከአርቦዬ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ለዓለም ያቀረቡት ልብ አንጠልጣይ ፊልም፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ እኛ ዘንድ ደርሷል። ነጩ ቀሚስ፣ ጥቁሩ ፈረስ፣ የናሚብ በረሃ አሸዋ፣ ሁሉንም ሳይሸራረፍ ተረክበናል። የጎደለው ታሪኩ ብቻ ነው። መንገድ ላይ ወድቆ ይሁን ሲጫን ተረስቶ፣ ተጣርቶ እንዲገለጽልን ይህን ማመልከቻ ጽፈናል።

እኛ ጋ ፊልም እንዴት እንደሚታይ ሳያውቁ እንዳይፈርዱብን በአጭሩ እናስረዳ። ቪዲዮ ቤት የሚገባው ሳንቲም ያለው ነው። የሌለው በር ላይ ቆሞ ድምፁን ይሰማል፤ በማግስቱ ደግሞ ያየው ልጅ ይተርክለታል። ተራኪው ተኩሱን በአፉ ያሰማል፤ መኪና ሲገለበጥ አብሮ ይገለበጣል፤ «አክተሩ» ሊሞት ሲል ትንፋሹን ይውጣል። ከብት ጥበቃ ላይም ሆነ ውኃ ወረፋ ላይ ሰሚው ያለው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ከዚያስ?» አንድ ሰው ከፍሎበት አሥር ሰው የጠገበበት ፊልም፣ እሱ ጥሩ ፊልም ነው። የትውልድ አገርዎ የህንድ ፊልሞች በዚህ አሳፍረውን አያውቁም። ወንድማማቾች በሕፃንነታቸው ይለያያሉ፣ እናት ዓይኗ ይጠፋል፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ በአንገት ሐብል ይተዋወቃሉ። ቋንቋውን ሳናውቅ አልቅሰናል፤ ያላየውም አልቅሷል።

የእርስዎን ፊልም ያየው ተራኪያችን ግን ችግር ገጠመው። «ጄኒፈር ሎፔዝ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፤ በመሣሪያ ሰው አእምሮ ውስጥ ትገባለች» ብሎ ጀመረ። ከዚያስ? «ነፍሰ ገዳዩ ተይዟል፤ ግን ራሱን ስቷል። ያፈናት ልጅ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቆልፎባታል፤ ውኃው በሰዓቱ ይሞላባታል። የት እንዳለች የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።» እሰይ! ወረፋው ጸጥ አለ፤ ጀሪካኑ እየፈሰሰ የሚዘጋው ጠፋ። ከዚያስ? «ከዚያማ… ሐምራዊ ካባ ለብሷል፤ ካባው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይደርሳል።» ከዚያስ? «በቃ፣ መታየት አለበት» አለና ጀሪካኑን ተሸክሞ ሄደ። ክቡር ሆይ፣ «መታየት አለበት» ማለት ሳንቲም በሌለው ሰው ላይ በር መዝጋት ነው።

በነፍሰ ገዳዩ አእምሮ ውስጥ ያለውን የሌላኛውን ፈረስ ነገር ለብቻው ማንሳት ግድ ሆኖብናል። ፈረሱ ምንም ሳያጠፋ ቆሟል። ሰዓት ይቆጥራል። ድንገት ከላይ መስታወቶች ዱብ ዱብ ብለው ይከታትፉታል፤ መስታወቶቹ ሲራራቁም ገላው ውስጥ ልቡ ይመታል። አርሲ ውስጥ እኮ ፈረስ ለቅሶ ይደረስበታል፣ ሙሽራ ይታጀብበታል፣ ጋሪ ይጎትታል። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ነው?» የሚል ነበር፤ ሁለተኛው «ምን አድርጎ?» ሐሳቡ እንስሳ ከፋፍሎ በመስታወት ሣጥን ከሚያሳየው ከእንግሊዛዊው ዴሚያን ኸርስት እንደመጣ ሰምተናል፤ ይሁን። ትዕይንቱንም እስከ ዛሬ አልረሳነውም፤ ይህን አንክድም። ግን ፈረሱ ባይቆራረጥ ታሪኩ ላይ ምን ይጎድል ነበር? ምንም። በከንቱ ነው የሞተው። ልብሱን በሠራችው በጃፓናዊቷ በኤይኮ ኢሺዮካ ላይ ግን ቅሬታ የለንም፤ «ድራኩላ»ን አልብሳ ኦስካር የወሰደች ሴት ነበረች። በነገራችን ላይ፣ ድሮ አዲስ አበባ ላይ ሲኒማ ሲከፈት ሕዝቡ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር፤ የእርስዎን ካባ ሳያዩ መናገራቸው ይደንቃል።

ዋናው አቤቱታችን ግን ሌላ ነው። የታፈነችውን ልጅ የሚፈልገው መርማሪ የነፍሰ ገዳዩ አእምሮ ውስጥ ገብቶ፣ አንጀቱ እንደ ክር ተጠቅልሎ፣ ይህን ሁሉ መከራ አይቶ ይዞት የተመለሰው ፍንጭ ምንድን ነው? አንድ የዕቃ ማንሻ ላይ ያለ የፋብሪካ ምልክት! ያው ማንሻ ደግሞ ፖሊስ የፈተሸው የሰውዬው ምድር ቤት ውስጥ ተሰቅሏል። እዚህ ስንዴ አገር ኮምባይነር ሲበላሽ ረዳቱ መጀመሪያ የሚያነበው የሰሌዳውን ጽሑፍ ነው፤ የኮምባይነሩን ሕልም ለማየት የሞከረ ግን የለም። ገዳዩን ገዳይ ያደረገውስ? ክፉ አባትና በወንዝ ሲያጠምቁት የያዘው በሽታ። በክፉ አባት ብቻ ሰው እንዲህ የሚሆን ቢሆን ከቀበሌያችን ማን ይተርፍ ነበር?

«ድርሰቱ የማርክ ፕሮቶሴቪች ነው፤ የሚመለከተው ክፍል ሌላ ነው» እንደሚሉን እንጠብቃለን። ይህን መልስ ከየቢሮው ለምደነዋል። 33 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ከ100 ሚሊዮን በላይ ማስገባቱን፣ ሃያሲው ሮጀር ኢበርትም ሙሉ አራት ኮከብ እንደሰጠው እናውቃለን። እርስዎ የመጡት ከሙዚቃ ቪዲዮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ለአር.ኢ.ኤም. ባንድ የሠሩት ድንቅ ነው። አምስት ደቂቃ ውስጥ «ከዚያስ?» የሚል ሰው የለም፤ ሳይጠየቅ ያልቃል። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ፊልም ግን ይጠየቃል።

ታሪክ ቸግሮዎት ከሆነ እዚሁ አርሲ ነበረልዎት። በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ በፈረሰኞች ተጠለፈች። ለማምለጥ የጠላፊዋን ጠመንጃ አንስታ ተኮሰች፤ ሞተ። በግድያ ተከሰሰች። የሕግ ባለሙያዋ መአዛ አሸናፊና የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆሙላት፤ ነፃ ወጣች። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ከዚህ ተነሥቶ «ድፍረት»ን ሠራ፤ ፊልሙም በ2014 በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሰው ተሰብስቦ ሳለ በፍርድ ቤት ዕግድ ቆመ። ምረቃው ሳይቀር «ከዚያስ?» ያሰኛል። ይህን ለመተረክ ካባ አያስፈልግም።

እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት «ዘ ፎል» እኛም ዘንድ ሰሚ እንዳለ የደረሱበት መስሎናል። አራት ዓመት ለፍተው፣ ከ20 በላይ አገር ዞረው፣ ከኪስዎ አውጥተው በሠሩት በዚያ ፊልም አንዲት እጇ የተሰበረ ሕፃን ሆስፒታል ውስጥ ተረት ትሰማለች። ተራኪውን ታቋርጣለች፣ ትጠይቃለች፣ ፍጻሜው ካልጣማት ትሟገታለች። ውኃ ወረፋችን ላይ ያደገች ትመስላለች። ለዚህ ክፍያ አንጠይቅም፤ የ«ዘ ሴል»ን ታሪክ ግን ሲያገኙት በአሰላ በኩል በሚመጣ አውቶብስ ቢልኩልን ተራኪው ይረከባል። እስከዚያው ተጨማሪ ሐምራዊ ካባ እንዳይላክ እናሳስባለን፤ የያዝነው ይበቃናል።

ከሰላምታ ጋር
በር ላይ ቆመው ድምፅ ብቻ የሚሰሙ የአርቦዬ ተመልካቾች

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ጄኒፈር ሎፔዝ፣ በዚያ ቀሚስ አሸዋ ላይ ስለተንከራተቱ፣ ለሐዘኔታ
ለፈረሱ ባለቤት፣ ካሳ መጠየቅ ከፈለጉ ምስክር ስለማናጣ፣ እንዲያውቁት