ነፍስ አድኑ ቲክቶክ

በአሽቀሎን የሚማር ተማሪ ስልኩን ከደብተሩ ጎን የሚያስቀምጠው ለጨዋታ እንዳይመስላችሁ፤ ለነፍሱ ነው። ከተማዋ ከጋዛ ድንበር 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው፤ ሳይረን ሲጮህ ማማድ (መጠለያ ክፍል) ለመግባት ያለው ጊዜ 30 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ሚክላላ (ኮሌጅ) ውስጥም ሆነ ቤቱ፣ መጽሐፉ እንደተገለጠ ስልኩ ዘብ ይቆማል። የፒኩድ ሃኦሬፍ የማስጠንቀቂያ አፕ ጸጥ ባለ ቁጥር ታዲያ ዘቡ እንዳይደብረው ተማሪው ቲክቶክ ይከፍትለታል። ሰው ለጠባቂው እንዲህ ሲያዝን ማየት ደስ ይላል። ጥንቃቄው ደግሞ ለከት የለውም፤ አደጋ ከሰማይ ብቻ አይመጣምና የሠርግ እስክስታው፣ የኳሱ ውጤት፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ሁሉ በየደቂቃው ይፈተሻል። ገጽ 12 ግን ከትናንት ጀምሮ ገጽ 12 ነው።

በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ይህን ዘብ ክፉኛ ያማዋል። ተፈታኞቹ ስልካቸውን ድምፁን አጥፍተው፣ ከፊሎቹ ጠረጴዛ ላይ፣ ከፊሎቹ ኪስ ወይም ቦርሳ ውስጥ፣ ሌሎቹም ሌላ ክፍል አስቀመጡ። በማስታወስና በማመዛዘን ፈተና የተሻለ ውጤት ያመጡት ስልካቸውን ሌላ ክፍል የተዉት ናቸው። ከዚያ ወዲህ ከተሠሩት ጥናቶች ይህን ውጤት ያልደገሙት አሉ፤ ተማሪያችን ይህን ሲሰማ እፎይ ይላል። ክርክሩ ግን ዝም ስላለ ስልክ ነው፤ የእሱ ስልክ መች ዝም ብሎ ያውቅና! «አንዴ ብቻ ልየው» የምትለዋም ደቂቃ ብትሆን ደቂቃ ሆና አትቀርም። ሶፊ ሌሮይ የተባለች ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. እንዳሳየችው፣ ሥራውን ሳይጨርስ ወደ ሌላ የዘለለ ሰው ከሐሳቡ ከፊሉ ወደኋላ ይቀራል። ተማሪው ወደ ገጽ 12 ሲመለስ ልቡ ገና ሠርጉ ቤት ነው።

«ለአንተ ይቅለልህ፣ ሮኬቱ ቀልድ ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም፤ ከኦክቶበር 2023 ወዲህ አሽቀሎን ባየችው መከራ የሚቀልድ የለም። «እናቴስ የኩፓት ሖሊም (የጤና መድን) ደብዳቤ አንብብልኝ ብላ ብትደውል?» ይህ ደግሞ ከሁሉም የከበደ ምክንያት ነው፤ በብዙ የኢትዮጵያውያን ቤት አስተርጓሚው ልጅ ነውና። ግን እናት ትደውላለች እንጂ እስክስታ ስትወርድ ተቀርጻ አትልክም። ድምፁ ከፍ ተደርጎ በረንዳው ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ስልክ የእናትንም ጥሪ፣ የማስጠንቀቂያውንም ድምፅ ያሰማል። ሳይረን በአውራ ጣት ተፈልጎ አይገኝም።

ሰንበት አክባሪዎች ይህን እንቆቅልሽ ከፈቱት ቆይተዋል። ስልክ የማይነኩ ቤተሰቦች በጦርነት ሰሞን ዓርብ ሳይመሽ ሬዲዮናቸውን «ጋል ሻኬት» የሚባለው ጸጥተኛ ሞገድ ላይ ከፍተው ይተዉታል፤ ጣቢያው ማስጠንቀቂያ ካልመጣ በቀር ትንፍሽ አይልም። እንዲህ ያለው ዘብ ለፈተና ሰሞን ማክሰኞ ማታም ቢቀጠር ደመወዝ አይጠይቅም። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፦ እስክስታ አያውቅም።