ይድረስ ለክቡር የአይጥ መርዝ ድምፅ ማጉያ

ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ምስጋናና መጠነኛ ቅሬታ ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

በከተማችን ደጃፋችን ድረስ መጥቶ የሚያገለግል ተቋም ቢኖር እርስዎ ነዎት። ቀጠሮ አይሰጡም፣ «ሲስተም የለም» አይሉም፣ ስብሰባ አይገቡም። በሻጩ ትከሻ ተንጠልጥለው «የአይጥ! የበረሮ! የትኋን! የቁንጫ!» እያሉ ሰፈር ለሰፈር ይዞራሉ። ለአራት ጠላት አንድ ድምፅ፤ አንዳንዴም አንድ ብልቃጥ።

ባሕር ዳር እ.ኤ.አ. በ2002 ከዩኔስኮ የሰላም ከተሞች ሽልማት ተቀብላለች። የሽልማቱ ትርጉም በቅጡ የገባቸው አይጦቹ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ እነሆ ከእኛ ጋር ያለ አንዳች ግጭት ይኖራሉ። ቀን ጣና ዳር የዓሣ ሆድ ዕቃ የሚሻሙት ፔሊካኖች ናቸው፤ ሲመሽ ፈረቃውን አይጦች ይረከባሉ። ከምግብ ቤት ጓሮ የተደፋው ትርፍራፊ ራታቸው፣ ክዳን ያጣው ቦይ አውራ ጎዳናቸው፣ የፎገራ ሩዝ በጆንያ የተከመረበት መጋዘን መኝታቸው ከነቁርሱ ነው። ኮርኒሱንም ያለ ሊዝ ሰጥተናቸዋል። ሌሊት ከራሳችን በላይ ሲጋልቡ ብንሰማ «ንፋስ ነው» ብለን እንገላበጣለን።

ይህን ሁሉ ድግስ ካሰናዳን በኋላ እርስዎን እንጠራና በላስቲክ የተቋጠረ፣ ጽሑፍ የሌለው ጥቁር ዱቄት እንገዛለን። ስሙን አንጠይቅም፤ እርስዎም አይነግሩንም። ዚንክ ፎስፋይድ ከሆነ ጨጓራ ውስጥ ከአሲድ ጋር ተገናኝቶ ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይሆናል፤ ማርከሻም የለውም። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዓይነት ከሆነ ግን በቫይታሚን ኬ ይታከማል። ሐኪሙ «ልጁ የበላው ምንድን ነው?» ሲል፣ የእኛ መልስ «የአይጥ! የበረሮ! የትኋን!» ነው።

አይጧ ከእኛ ይልቅ ጠያቂ ናት። አዲስ ምግብ ስታይ ጥቂት ቀምሳ ትጠብቃለች፤ ካመማት ዳግም አትነካውም። የተረፈውን ዶሮ ይለቅመዋል። መርዙ ይዟት እየተንገዳገደች የወጣችውንም ድመት ወይም ጉጉት ትበላታለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ! ጉጉትንማ ሟርተኛ ብለን በድንጋይ እናባርራታለን፤ ያለ ደሞዝና ያለ አበል አይጥ ስታድን የምታድረው ግን እርሷ ናት።

እ.ኤ.አ. በ1902 ሃኖይ የነበሩ የፈረንሳይ ቅኝ ገዥዎች ለእያንዳንዱ የአይጥ ጅራት ገንዘብ ይከፍሉ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጅራት አልባ አይጦች ሲንሸራሸሩ ታዩ፤ ሰዉ ጅራቱን ቆርጦ እንዲራቡለት ይለቃቸው ኖሯል። እርባታ የከፈተም አልጠፋም። ክቡርነትዎን በዚህ አንጠረጥርም። እርባታውን እኛው በነፃ ስለያዝንልዎ፣ እርስዎ ምን ያደክምዎታል?

አሁን የምንነግርዎ ግን ደስ አያሰኝዎትም። አንዳንድ ጎረቤቶቻችን ገበያዎን የሚዘጋ ተግባር ጀምረዋል። ማታ ወለሉ ላይ ዱቄት ነስንሰው ጠዋት የአይጧን ዱካ ያነባሉ። ኩሷንና በግድግዳው ሥር የተወችውን የቅባት እድፍ ተከትለው መግቢያዋን ያገኛሉ። ለትንሿ አይጥ እርሳስ የሚያሾልክ ቀዳዳ ይበቃታል ብለው በሽቦ ወንፊትና በሲሚንቶ ይደፍናሉ። ጆንያውን ከመሬት ከፍ፣ ከግድግዳ ፈቀቅ ያደርጋሉ፤ ቆሻሻውን ክዳን ባለው በርሜል ያሳድራሉ፤ ወጥመዱን ከመሀል ወለል አንሥተው በግድግዳው ጥግ፣ በመተላለፊያዋ ላይ ያኖራሉ።

ይባስ ብለው ባለሱቁ፣ ባለሆቴሉና ባለቤቱ በአንድ ቀን እንዲጀምሩ ይመካከራሉ። አንዱ ብቻ ቢደፍን አይጧ ወደ ጎረቤት ትዛወራለቻ! እርግዝናዋ ሦስት ሳምንት ያህል ነው፤ ልጆቿም በጥቂት ወራት ውስጥ ራሳቸው ይወልዳሉ። እኛ «ነገ» ስንል እነርሱ አያት ይሆናሉ።

እስከዚያው አንድ ልመና አለን፤ ሲጮኹ የመርዙን ስም ጨምረው ይጩኹ። እምቢ ካሉም አይቀየሙን፤ ቀዳዳውን እስክንደፍን ደንበኞችዎ ነን።

ከሰላምታ ጋር
በኮርኒስ ሥር የሚኖሩ ተከራዮች

ግልባጭ፦
ለጉጉት፦ ይቅርታ ለመጠየቅ
ለድንቢጥ፦ የአይጥ ምስክር ስለሆነች ቃሏን እንድትሰጥ
ለሚመለከተው አካል፦ ማን እንደሆነ ሲታወቅ