ላፕቶፕ እንደ ከሰል ማንደጃ፦ የቦንጋ ማስረጃ

ቦንጋ ውስጥ ላፕቶፕ ሲግል የሚሰጠው ፍርድ እንደ ሌላው አገር ሁሉ ከሦስት አያልፍም፦ «ፋኑ አቧራ ይዟል»፣ «ፔስቱ ደርቋል»፣ «ፎርማት ይደረግ»። (ሦስተኛው ለጥርስ ሕመም እስካሁን አለመታዘዙ ይገርማል።) ሦስቱም ፍርዶች ላፕቶፕ መጻፊያ ነው፣ መጋሉም ብልሽት ነው ከሚል ማንም ካልመረመረው እምነት የሚነሡ ናቸው። የዚህ ጥናት አቋም ግን ሌላ ነው፤ ላፕቶፕ በተፈጥሮው ማንደጃ ነው፣ መጻፍ ትርፍ ሥራው ነው። 45 ዋት የሚስብ ላፕቶፕ የሳበውን ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ቃለ ጉባኤም ጻፈ ፊልምም አሳየ በሒሳቡ ላይ የሚታይ ለውጥ የለም። ምርቱ ሙቀት ብቻ የሆነን ዕቃ በተረፈ ምርቱ መጥራት ላምን በኩበቷ እንደ መጥራት ነው።

ለዚህ ክርክር ከካፋ ዞን የተሻለ መስክ አይገኝም። የዞኑ ከተማ ቦንጋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ እዚያ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ብዙ ፕሮሰሰሮች ደግሞ ፍጥነታቸውን በግድ የሚቀንሱት ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጉ ነው። እንግዲህ ቡና በዱር በሚበቅልበት አገር፣ በፋብሪካው ፈቃድ ከፈላ ጀበና በላይ መጋል የሚችል ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ደብዳቤ ይጻፍበታል። ስሌቱም አያሳፍርም፤ ሙቀቱ ሳይባክን ቢደርስ 45 ዋት ግማሽ ሊትር ውኃ ለማፍላት አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ተጠርተው የሄዱበት ቡና ከዚያ ፈጥኖ የሚደርስበት ቤት ብዙ አይደለም።

«ካፋ እኮ ዝናባምና ደናም ነው፤ በእንዲህ ያለ አየር ምን ያግለዋል?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃዋሚው ዝናቡን ቆጥሮ ከፍታውን ረስቷል። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ፣ ፋኑ በእያንዳንዱ ዙር የሚገፋው አየር፣ ከአየሩም ጋር የሚወጣው ሙቀት፣ ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ብርዱ ራሱም ቢሆን ለማንደጃው ያደላል፤ የበረደው ሰው ላፕቶፑን ጋቢ ለብሶ ጭኑ ላይ ያኖረዋል፣ ጋቢውም ከሥር ያለውን የአየር መግቢያ ይደፍነዋል። ፋን መኖሩ ዕቃው ማንደጃ አለመሆኑን ያሳያል የሚሉም አሉ፤ ከሰልም እኮ ማራገቢያ አለው። አንዱ ለማቀጣጠል ሌላው ለማብረድ መራገቡ የዓላማ እንጂ የዝርያ ልዩነት አይደለም። ከሁሉ የሚጠነክረው ግን የገላ ምስክርነት ነው። እሳት ዳር አዘውትረው በሚሞቁ ሰዎች ቆዳ ላይ የሚወጣው መረብ መሰል ምልክት ላፕቶፕ ጭናቸው ላይ በሚያኖሩ ሰዎችም ላይ ታይቶ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ሐኪሞች ለሁለቱም የሚሰጡት ስም አንድ ነው፤ ቆዳም ልዩነቱን አላወቀም።

ዕቃውን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ፋኑን ማጽዳት፣ የደረቀውን ፔስት መቀየር ሙቀቱን እንደሚቀንሱ ይህ ጥናት አይክድም። አመድ ሲጠረግ የከሰል ማንደጃም ጠባዩ ይለወጣል። ፎርማት ግን አቧራ አይጠርግም፤ የሚጠርገው ፎቶ ነው።

አንድ ከባድ ተቃውሞ ቀርቷል። ቡና ለመቁላት 200 ዲግሪ አካባቢ ያስፈልጋል፤ ላፕቶፑ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ ይንቀረፈፋል፣ ከባሰበትም ራሱን ያጠፋል። እውነት ነው፤ ማፍላት እንጂ መቁላት አይችልም። ይህ ግን ከማንደጃነት አያስወጣውም፣ ደረጃውን ዝቅ ያደርገዋል እንጂ። ስለዚህ ቦንጋ የሚገኘው ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አንድ ቀን ላፕቶፕ በስጦታ ቢቀርብለት፣ ቦታው ከመቁያ ምጣዱ ራቅ ብሎ፣ ጀበናው ከሚጣድበት በኩል ቢሆን ይመረጣል። ቻርጀሩም አብሮ ይቀመጥ፤ እሱም ይግላል።