እማማ፣ ዳቦውን እንደገና ይቀበሉኝ

የአዲስ አበባ ደግነት እንደ ዘንድሮ ታይቶ አያውቅም። ጠዋትም ይታያል፣ ማታም ይታያል፤ ስልኩ ቢቆምም ቢጋደምም ይታያል። ድሮ ምጽዋት የሚሰጠው ተደብቆ ነበር። ዝክር ያለባት እናት ዳቦዋን በነጠላዋ ሸፍና ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለተኮለኮሉት ነዳያን አድላ፣ ማን እንደሆነች ሳይታወቅ ወደ ቤቷ ትገባለች። እንዴት ያለ ኋላቀር አሠራር ነበር! ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እጅ አያውቀውም። ዛሬ ግራ እጅ ስልክ ስለያዘ ሁሉንም ያውቃል።

የተለመደው ቪዲዮ እንዲህ ነው። አንድ ወጣት ሁለት ዳቦና አንድ ሃይላንድ ይዞ፣ ለገሃር አካባቢ አስፋልት ዳር ላስቲክ ለብሰው ወደተቀመጡ እናት ይጠጋል። መጀመሪያ ስልኩ ይደርሳል፣ ቀጥሎ እሱ። «እማማ፣ እንደምን አደሩ? ከየት ነው የመጡት? ልጅ የለዎትም?» የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳይውጡ ባላቸው እንዴት እንደሞተ፣ ልጃቸው ለምን እንደተዋቸው መናዘዝ አለባቸው። እንባ ከመጣ ስልኩ ይቀርባል፤ ከሥር ዋሽንት ይገባል። ፈገግ ካሉ ግን ሥራው ተበላሸ። «እማማ፣ ድምፁ አልገባም። ዳቦውን ይመልሱልኝና እንደገና ልስጥዎት።» እማማ ይመልሳሉ። ለአንድ ቪዲዮ ሲባል ዳቦው ሦስት ጊዜ ይሰጣል፣ ሁለት ጊዜ ይነጠቃል።

ይህን የሚያህል ዘርፍ በዘፈቀደ መመራት የለበትም። ጎዳና ተዳዳሪው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ይሰጠው። ደረጃ አንድ፦ አንጋጦ ማየት። ደረጃ ሁለት፦ በተጠየቀ በአሥር ሰከንድ ውስጥ እንባ ማቅረብ። ደረጃ ሦስት፦ ምርቃት፤ የሰጪውን ስምና የገጹን አድራሻ ሳያዛንፉ። ደረጃ አራት፦ ታጥቦ፣ ተላጭቶ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ መስታወት ፊት መደንገጥ፤ ቀረጻው ሲያልቅ ልብሱን አጣጥፎ መመለስንም ይጨምራል። ከዚያ የሲኦሲ የሙያ ብቃት ምዘና ይቀጥላል። መዛኙ ክላሰሩን ይዞ በየበረንዳው ይዞራል። ዳቦው ትኩስ ስለሆነ ሳያስበው የሳቀ ተመዛኝ «ገና ብቁ አይደለም» ተብሎ በሚቀጥለው ዙር ይቀርባል። ቅሬታ ያለው በጽሑፍ ያመልክት። ብቁ የሆነው ደግሞ የብቃት ማረጋገጫውን ይዞ ንግድ ፈቃድ ያወጣል፤ ግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይቀበላል፤ ለእያንዳንዱ እንባ ደረሰኝ ይቆርጣል። በረንዳዎችም ደረጃ ይውጣላቸው፤ የኮሪደር ልማቱ መብራት የሚያርፍባቸው አንደኛ፣ የሚኒባስ ጥሩምባ የሚበዛባቸው ሦስተኛ። አንድ ችግር ብቻ አለ። ንግድ ፈቃድ ለማውጣት መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ለቀበሌ መታወቂያ ደግሞ የቤት ቁጥር ይጠየቃል። የቤት ቁጥር ቢኖራቸውማ ምን በረንዳ ላይ አስቀመጣቸው?

ቪዲዮው ሌላም ጥቅም አለው። ማስቲሽ ሲስብ የተቀረጸ ልጅ አድጎ ሥራ ሲያመለክት፣ ቀጣሪው የሕይወት ታሪኩን ስልኩ ላይ ያገኝለታል። «ሰው ቤት ተቀጥሬ እየሠራሁ ነው» ብላ ወደ አገር ቤት የምትደውል እናትም ውሸቷ ይቀልላታል፤ ወሎ ያሉ ልጆቿ እናታቸውን ከነካርቶኗ ያዩዋታል። በቀጥታ ሥርጭት ከሆነማ፣ እሷ እያለቀሰች ቀራጩ «ስክሪኑን ታፕ ታፕ አድርጉልኝ» ሲል ይሰሙታል። በቲክቶክ የአንበሳ ስጦታ የላከ ተመልካች በስሙ ይመሰገናል። የእሷን ስም የጠየቀ የለም።

ነውር ነው። የተራበ ሰው «እምቢ፣ አትቅረጸኝ» ማለት አይችልም፤ ዳቦው በሌላው እጅ ነው ያለው። በዚህ ሁኔታ የተገኘን ዝምታ ፈቃድ ብሎ መቁጠር ነው የዚህን ጽሑፍ አቅራቢ ትዕግሥት ያስጨረሰው።

ነውሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ሜልበርን ውስጥ አንድ ወጣት ብቻዋን ቡና ትጠጣ ለነበረች ሴት አበባ አስይዟት ሄደ፤ ጓደኞቹ ይቀርጹ ነበር። ቪዲዮው በአሥር ሚሊዮኖች ጊዜ ታየ፤ ተመልካቹም እንደ ብቸኛ አሮጊት ቆጥሮ አዘነላት። እሷ ግን ኤቢሲ ሬዲዮ ላይ ቀርባ ሰብዓዊ ክብሯ እንደተነካ ተናገረች። ያቺ ሴት የምትናገርበት ሬዲዮ አገኘች። ለገሃር ያሉት እማማ ስልክ እንኳ የላቸውም።

ካሜራ ሁሉ ይሰበር የሚል የለም። የክብር ዶክተር ቢኒያም በለጠ በወላጆቹ ቤት የጀመረው የመቄዶንያ መርጃ ማዕከል አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና ሲያነሳ፣ ለግንባታው ገንዘብ ሲለምን በካሜራ ፊት ነው። ልዩነቱ ካሜራው ከጠፋ በኋላ ያለው ነው። እዚያ ቁስል ይታጠባል፣ ጥፍር ይቆረጣል፣ ዳይፐር ይቀየራል፤ ነገም እንዲሁ። ባለ ሁለት ዳቦው ወጣት ግን ነገ ሌላ በረንዳ፣ ሌላ እማማ ይፈልጋል፤ የትናንቷን ተመልካቹ አይቷታል።

ደግሞ ሕግ የለም እንዳይባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27፣ ማንም ሰው ፈቃዱ ሳይጠየቅ ፎቶግራፉ ወይም ምስሉ ለአደባባይ እንዳይቀርብ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ለባለሥልጣናት፣ ለፍርድና ለፖሊስ ሥራ፣ ለአደባባይ ሥነ ሥርዓቶች የተተዉ ልዩ ሁኔታዎች አሉ። ረሃብ ሥነ ሥርዓት አይደለም። የ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም በዚህ ላይ ተጨምሯል።

ዳቦ የምትሰጡ ሰዎች፣ መስጠታችሁን አታቁሙ። ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱት፤ ጊዜ ካላችሁ አጠገባቸው ቁጭ በሉ፤ እሳቸው ካነሱት ጨዋታ ጀምሩ። ከዚህ በፊት የለጠፋችሁትን ደግሞ ዛሬ ማታ ሳትተኙ አውርዱት። የምስሉ ባለቤት በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 29 መሠረት ይውረድልኝ ብሎ የመጠየቅ መብት አለው፤ ጠበቃ የሚያቆምበት ገንዘብ ስለሌለው ብቻ ነው ዝም ያለው።